ተዉት፤ ግን ብቻውን አትተዉት



በጀርመን አገር የሚኖር አንድ የወሎ ሰው ከቤተሰቡ ጋር ስላደረገው የባሕር ጉዞ ያጫወተኝን ላካፍላችሁ። ነገሩ የአንድ ቤት ጉዳይ ይመስላል። ይሁን እንጂ በአዲስ አበባም ኑሩ በደሴ፣ በጅዳም ኑሩ በፍራንክፈርት፣ ልጅ የምታሳድጉ ሁሉ የራሳችሁን ቤት የምታገኙበት ይመስለኛል።

ሰውየው በአውሮፓ ትምህርት ቤቶች በሚዘጉበት ወቅት ባለቤቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ በሜዲትራንያን ባሕር ላይ የሰባት ሌሊት የመርከብ ሽርሽር አደረገ። መርከቡ ከጄኖዋ ተነሥቶ በኔፕልስ፣ በፓሌርሞ፣ በማልታዋ ቫሌታ፣ በባርሴሎናና በማርሴይ በኩል ዞሮ ወደ ጄኖዋ የሚመለስ ነው። እንዲህ ያለው መርከብ በውኃ ላይ የምትሄድ ከተማ ማለት ነው። በሺህ የሚቆጠር መንገደኛ ይይዛል፤ ምግብ ቤቱ፣ መዋኛው፣ ሱቁ ሁሉ በውስጡ አለ። በአሥራዎቹ ዕድሜ ላሉ ልጆችም ለብቻቸው የተዘጋጀ መጫወቻ ክፍል አለው።

አባትየው ለዚህ ጉዞ ገንዘብ ያጠራቀመው ስለ ባሕሩ ብሎ አልነበረም። የአሥራ አራት ዓመት ልጁ አሳስቦት ነው። ልጁ ጸጥተኛ ነው፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ክፍሉን ዘግቶ ይቀመጣል፤ ጓደኛዬ ብሎ የሚጠራው ልጅ የለም። አባቱም "በመርከብ ላይ መሸሸጊያ የለም፤ እዚያ ሰው ይለምዳል" ሲል አሰበ።

በመጀመሪያው ሌሊት እራት ላይ አንድ የቱርክ ቤተሰብ በአጠገባቸው ተቀመጠ። እነሱም ነዋሪነታቸው ጀርመን ነው፤ በዕድሜ ከልጁ ጋር የሚቀራረብ ወንድ ልጅም አላቸው። አባትየው ደስ አለውና የልጁን ትከሻ ይዞ "ይህ ልጄ ዓይን አፋር ነው፤ እስቲ የእናንተ ልጅ ያደፋፍርልኝ" ብሎ እየሳቀ ተናገረ። ወደ ልጁም ዞሮ "ተነሥና ሰላም በላቸው እንጂ! ወንድ አይደለህም እንዴ?" አለው። ሁሉም ሳቁ። ልጁ አንገቱን ደፋ፤ ጥቂት ቆይቶም ምግቡን ትቶ ወደ መኝታ ክፍሉ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀናት ከምግብ ሰዓት በቀር ከክፍሉ አልወጣም። ኔፕልስንም ፓሌርሞንም በመስኮት አየ። በሦስተኛው ሌሊት ለእናቱ እንዲህ አላት፦ "እማዬ፣ አባባ በእኔ ያፍራል። ከክፍሉ የማልወጣው እሱን እንዳላሳፍረው ብዬ ነው።"

"ባለቤቴ ይህን ስትነግረኝ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ" አለኝ ሰውየው። "ጓደኛ እንዲያገኝ ብዬ ወሰድኩት፤ አባቱን ጭምር አሳጣሁት።"

ውድ አንባቢያን፣ እስቲ ቆም ብለን እንጠይቅ። ዓይን አፋርነት ከልጅ ላይ መነቀል ያለበት ጉድለት ነውን? ወይስ ሊጠበቅ የሚገባው ጸጋ? ልጁን እንርዳው ስንልስ የምንረዳው እሱን ነው ወይስ በሰው ፊት ያለንን ገጽታ?

አማርኛችን በዚህ ጉዳይ ላይ ያሳስተናል። "አፈረ" በሚለው አንድ ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን እንጠራለን። አላህን ከማመፅና ነውር ከመሥራት የሚመለስ ሰው "ያፍራል" እንላለን። ሰው ያየኛል፣ ይስቅብኛል ብሎ የሚሸማቀቅም "ያፍራል" ይባላል። በልጁ ወይም በዘመዱ አንገቱን የሚደፋም "ያፍራል"። የመጀመሪያው ሐያእ ነው። ሁለተኛው ፍርሃት ነው። ሦስተኛው ግን በደል ነው። ያ አባት በልጁ ላይ ሁለተኛውን አይቶ ሊያክም ሲነሣ፣ ልጁ በአባቱ ላይ ያየው ሦስተኛውን ነበር።

በዚህ ላይ የእኛው አስተዳደግ አለ። ልጅ እንግዳ ሲመጣ አንገቱን ደፍቶ ሲቆም "እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!" እያልን እናመሰግነዋለን። በትልቅ ፊት እንዳይናገር፣ ዓይኑን እንዳይሰቅል እንቆጣዋለን። "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም" እያልን እናሳድገዋለን። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ካስተማርነው በኋላ አንድ ምሽት በማያውቃቸው ሰዎች ፊት አቁመን "ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል" እንለዋለን። ልጁ ታዲያ የትኛውን ይስማ? ትናንት የተመሰገነበት ነገር ዛሬ የሚሣቅበት ነገር ሲሆን ጥፋቱ የማን ነው?

የሁለት ሐዲሶች ትምህርት

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት የታወቁ ሐዲሶች አሉ። የሁለቱም ዘጋቢ አንድ ሰው፣ ዐብዱሏህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) መሆኑ ደግሞ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

በመጀመሪያው ሐዲስ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከአንሷሮች አንዱ ወንድሙን ስለ ሐያኡ ሲወቅስ ደረሱበት። ሰውየው ወንድሙን "እጅግ ታፍራለህ፣ ይህ ጎድቶሃል" በሚል መንፈስ ነበር የሚገሥጸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን እንዲተወው አዘዙት፤ ሐያእ የኢማን ክፍል መሆኑንም ነገሩት። የተገሠጸው ዓይን አፋሩ ሳይሆን ወቃሹ ነው። እንግዲህ በእራቱ ጠረጴዛ ላይ የተነገረውን ቃል በዚህ ሐዲስ ሚዛን መዝኑት።

ሁለተኛው ሐዲስ ስለ ኢብኑ ዑመር ስለ ራሱ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባልደረቦቻቸውን ቅጠሏ የማይረግፍ፣ በሙስሊም የምትመሰል ዛፍ ማን እንደሆነች ጠየቋቸው። የሰዉ ሐሳብ ወደ በረሃ ዛፎች ሄደ። ለወጣቱ ዐብዱሏህ የቴምር ዛፍ መሆኗ ታወቀው። ነገር ግን በጉባኤው ውስጥ ከሁሉ ታናሽ እሱ ነበር፤ አቡበክርና አባቱ ዑመርም ዝም ብለዋል፤ ስለዚህ አፍሮ ዝም አለ። ከተነሡ በኋላ ለአባቱ ነገረው። ዑመርም ያን ብትናገር ኖሮ ከብዙ ነገር ይበልጥ በወደድኩ ነበር አለው።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር እናስተውል። አንደኛ፣ ዑመር የልጁን ዝምታ እንደ መልካም ነገር አልቆጠረውም፤ ቢናገር ይወድ ነበር። ሁለተኛ፣ ይህን ያለው በጉባኤው ፊት ሳይሆን ከተነሡ በኋላ ነው። ሦስተኛውና ትልቁ ግን ልጁ ራሱ ሄዶ ለአባቱ መናገሩ ነው። በሰው ፊት ያልወጣው ቃል በአባቱ ፊት ወጣ። ዑመር በግርማው የሚፈራ ሰው ነበር፤ ልጁ ግን "አፍሬ ነው ዝም ያልኩት" ብሎ ሊነግረው ቻለ። የኛ ልጆችስ ይህን ሊነግሩን ይችላሉን?

ይህ ዓይን አፋር ወጣት በአሥራ አራት ዓመቱ ለኡሑድ ዘመቻ ቀርቦ ገና ነህ ተብሎ የተመለሰ፣ በአሥራ አምስት ዓመቱ ለኸንደቅ የተፈቀደለት ነው። በኋላ 2,630 ሐዲሶችን በማስተላለፍ ከአቡ ሁረይራ ቀጥሎ የሚጠራ ታላቅ አስተማሪ ሆነ። ያኔ ዝም ያለበትንም ታሪክ ራሱ አወራልን። ሰው የተሸማቀቀበትን ጊዜ በኋላ በሰላም ሊያወራው የሚችለው፣ ያን ጊዜ ያላዋረደው ሰው አጠገቡ ከነበረ ነው።

ሐያእ ወዴት ያደርሳል? ፍርሃትስ?

እንግዲህ ሐያእን ከፍርሃት በምን እንለያለን? መለያው ቀላል ነው። ልጁን ከምን ይመልሰዋል ብላችሁ ጠይቁ። ከክፉ የሚመልሰው ሐያእ ነው፤ ከመልካም የሚመልሰው ፍርሃት ነው።

በሱረቱል ቀሰስ የተወሳችውን የመድየኗን ልጅ አስታውሱ። ወደ ሙሳ (ዐ.ሰ.) የመጣችው በሐያእ እየተራመደች ነው። ነገር ግን መጣች፤ የአባቷንም መልእክት አስተካክላ አደረሰች። ሐያኧ አረማመዷን አሳመረው እንጂ መንገዷን አልዘጋውም። የአንሷር ሴቶችም ስለ ሃይማኖታቸው ከመጠየቅ ሐያእ ስላልከለከላቸው በእናታችን በዓኢሻ (ረ.ዐ.) ተመስግነዋል። ሙሳ (ዐ.ሰ.) ራሱ ወደ ፊርዐውን ሲላክ ደረቱ እንዲሰፋለት፣ የምላሱ ቋጠሮ እንዲፈታለት፣ ወንድሙ ሃሩንም ረዳት እንዲሆነው አላህን ለመነ። ነቢይ ሆኖ ሳለ "ብቻዬን ይከብደኛል" ማለት አላሳፈረውም። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ቢከብደው ምን ይደንቃል?

የመርከቡንም ነገር በዚሁ መዝኑት። በዚያ መርከብ ላይ ማታ ማታ መጠጥ አለ፣ ጭፈራ አለ። አንድ ሙስሊም ልጅ እዚያ ለመግባት እግሩ ቢጎተት ምን ማለት ነው? ይህ ዓይን አፋርነት አጥር ነው፤ አጥሩን አፍርሰን ስናበቃ በኋላ "ልጄ ከማን ጋር ዋለ?" ብንል ማን ይሰማናል? በሌላ በኩል ግን አጠገቡ ላለው ሙስሊም ልጅ ሰላምታ ለመስጠት አንደበቱ ከተሳሰረ፣ ያ አጥር ሳይሆን እስራት ነው። የወላጅ ሥራ አጥሩን ትቶ እስራቱን መፍታት ነው። ጥበብ የሚጠይቀውም ሁለቱ በአንድ ልጅ ላይ አብረው ስለሚገኙ ነው።

የመርከቡ ሰዎች

እኛ የሐበሻ ሙስሊሞች ስለ መርከብና ስለ ቤተሰብ ስናነሣ ልንረሳው የማይገባ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ615 የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ከሹዐይባ ወደብ በነጋዴ መርከብ ተሳፍረው ወደ አገራችን ሲመጡ ከመካከላቸው ዑስማን ኢብኑ ዐፋንና ባለቤቱ ሩቀያ (ረ.ዐ.) ነበሩ። ዑስማን ማን ነው? መላእክት እንኳ እንደሚያፍሩት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የመሰከሩለት፣ በሐያኡ የታወቀው ሰው ነው። ያ ሐያእ ቋንቋውን ወደማያውቀው አገር ከመሻገር አላገደውም። ብቻውን ግን አልተላከም፤ ባለቤቱና ወንድሞቹ አብረውት ነበሩ።

በዚሁ በሐበሻ ምድር የስደተኞች ልጆች ተወለዱ። ከነሱ አንዷ ኡሙ ኻሊድ ናት። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው፣ በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ አካባቢ፣ የመጨረሻዎቹ ስደተኞች በመርከብ ሲመለሱ ይህች ትንሽ ልጅ አይታው ወደማታውቀው ከተማ፣ ወደ መዲና ገባች። አስቡት። የማታውቀው ሰው፣ የማታውቀው ሰፈር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምን አደረጉ? ጥለት ያለው ጥቁር ልብስ አለበሷት፤ ጥለቱን በእጃቸው እየዳበሱም በሐበሻ ቋንቋ "ሰናህ" አሏት፤ ያማረ፣ የተዋበ ማለት ነው። የግዕዙን "ሠናይ" የሚያውቅ ሁሉ ቃሉ ከየት እንደመጣ አይጠፋውም።

ሱብሐነላህ! "ተናገሪ" አላሏትም። "ለምን ዝም አልሽ?" አላሏትም። እሷ ወደ ሰው እስክትሄድ ሳይጠብቁ እሳቸው በምታውቀው ቃል ወደ እሷ ሄዱ። ከትልቅ ሰው አፍ አንዲት የለመደችው ቃል ስትሰማ አዲሱ አገር ወዲያው የሷም ሆነ። ይህን ራሷ አድጋ አወራችው፤ አልረሳችውም።

አባትየው ምን አደረገ?

ወደ ወዳጃችን እንመለስ። በአራተኛው ቀን ከፈጅር ሶላት በኋላ ልጁን ይዞ ወደ መርከቡ ሰገነት ወጣ። ባሕሩን እያዩ ጥቂት ቆሙ። ከዚያም "ልጄ፣ በሰው ፊት አሳፍሬሃለሁ። አውፍ በለኝ። በአንተ አፍሬ አላውቅም" አለው። ልጁ አልመለሰለትም፤ ግን አልሄደም።

አባትየው ቀጥሎ "አንድ ነገር አግዘኝ" አለው። በመርከብ ላይ ቂብላን ማግኘት ቀላል አይደለም። መርከቡ አቅጣጫውን ይለዋውጣል፤ ሊቃውንትም የሚሰግድ ሰው በሚችለው መጠን ከመርከቡ መዞር ጋር ወደ ቂብላ እንዲዞር ይናገራሉ። አባትየው አንዲት ኮምፓስ ሰጠውና የቂብላውን ጉዳይ ለልጁ ተወለት። ልጁም በመኝታ ክፍሉ ውስጥ ኮምፓሷ እንደምትዋሽ ደረሰበት፤ የመርከቡ ብረት መርፌዋን ይስባታል። ስለዚህ በየሶላቱ ሰዓት ወደ ሰገነቱ እየወጣ ፀሐይን ይመለከት ጀመር። በዚያ ባሕር ላይ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ በደቡብ ናት፤ ቂብላው ደግሞ ከሷ በስተግራ፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው። የመርከቡን መንገድ በክፍሉ ቴሌቪዥን ከሚታየው ካርታ ጋር ያመሳክር ነበር።

ከቫሌታ በተነሡበት ማግሥት ያ የቱርክ ልጅ ሰገነቱ ላይ አገኘው። "አባቴ ቂብላውን ጠይቅ ብሎኝ ነው፤ ወዴት ነው?" አለው። ልጁ በእጁ አመለከተ። ለምን እንደሆነም አስረዳው። ያን ዕለት ሁለቱ ቤተሰቦች በሰገነቱ አንድ ጥግ ዙህርን አብረው ሰገዱ። በቀሩት ቀናት ሁለቱ ልጆች ፒንግ ፖንግ ሲጫወቱ ይታዩ ነበር።

ልጁ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነ እያልኩ አይደለም። ወደዚያ መጫወቻ ክፍል አንድም ቀን አልገባም። ዛሬም ጸጥተኛ ነው። ያገኘው አንድ ጓደኛ ነው። ነገር ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በሰውር ዋሻ አብሯቸው የነበረው ስንት ሰው ነበር? አንድ አይደለምን? ጓደኛ በቁጥር አይለካም።

ለወላጆች

ከዚህ ሁሉ ለየቤታችን የምንወስደው ምንድን ነው?

ልጃችሁን በሰው ፊት "ዓይን አፋር ነው" ብላችሁ አትጥሩት። የተጠራበትን ስም ይለብሰዋል። ምክር ካላችሁ እንደ ዑመር ከጉባኤው በኋላ ይሁን።

ወደ ሰው ብዛት አትግፉት፤ ወደ አንድ ሰው አቅርቡት። እናንተ ከወላጆቹ ጋር ስትቀራረቡ ልጆቹ መንገድ ያገኛሉ። ሴት ልጃችሁም ብትሆን እናቷ ከሌሎች እናቶች ጋር ስትጫወት፣ እሷም ከእኩዮቿ ጋር የምትቀመጥበት ጥግ አታጣም።

ሥራ ስጡት። ዓይን አፋር ልጅ "ምን ላውራ?" ብሎ ይጨነቃል፤ "ምን ልሥራ?" ሲባል ግን ይቀለዋል።

ሰላምታን አስተምሩት። ኢስላም የመጀመሪያውን ቃል አዘጋጅቶልናል፤ ታናሽ ለታላቅ፣ የሚሄድ ለተቀመጠ፣ ጥቂቶች ለብዙዎች እንዲጀምሩም ሥርዓቱን አስቀምጧል። ልጁ የሚናገረውን መፈልሰፍ የለበትም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በልጆች አጠገብ ሲያልፉ እሳቸው ሰላምታ ይጀምሩ እንደነበርም አትርሱ።

ጓደኛውንም እንደ ሽቶ ሻጩና እንደ ቀጥቃጩ ምሳሌ አስመርጡት። ጓደኛ ማጣቱ አሳስቦን ማንም ይሁን ብለን ለማንም አንስጠው።

አንድ ነገር ደግሞ ደፋርና ተጫዋች ልጅ ላላችሁ። እስካሁን ያነበባችሁት የሌላ ሰው ጉዳይ መስሏችሁ ከሆነ አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሦስት ሰዎች ባሉበት ሁለቱ አንዱን ትተው እንዳይንሾካሾኩ የከለከሉት ያን ሦስተኛውን ስለሚያሳዝነው ነው። በመርከብም ሆነ በመድረሳ፣ በዒድ ቀንም ሆነ በሠርግ ቤት፣ ከግድግዳው ተጠግቶ የቆመ አንድ ልጅ አይጠፋም። እሱ ወደ ልጃችሁ ሊመጣ አይችልም፤ ልጃችሁ ግን ወደ እሱ ሊሄድ ይችላል። አንደበት የተሰጠው ሰው የተሰጠው ለራሱ ብቻ አይደለም። የቱርኩ ልጅ ባይጠይቅ ኖሮ ያቺ ኮምፓስ ብቻዋን ቂብላን ስታመለክት በቀረች ነበር።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ማታ ልጃችሁ ክፍሉን ዘግቶ ተቀምጦ ከሆነ አንኳኩና ግቡ። ልታወሩት አይደለም፤ አጠገቡ ልትቀመጡ ነው። ሐያኡን ተዉለት፤ የአላህ ስጦታ ነውና። ብቻውን ግን አትተዉት።

አላህ (ሱ.ወ.) ለልጆቻችን የሚያምር ሐያእን፣ የሚፈታ አንደበትን፣ ደግ ባልንጀራን ይስጥልን። እኛንም ልጆቻችን የማያፍሩብን፣ ምሥጢራቸውን የማይደብቁን ወላጆች ያድርገን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።